አንድ ዳዶ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የማሽኑ ጥርስ በረረ።

ሰው ሁሉ እንደ ጥይት ጮኸ እያለ ነው የሚያወራው። አልጮኸም። ቅል መሬት ላይ ሲፈርጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፣ ደረቅና አጭር። ከዚያ ገበሬው አቶ ሰኢድ የገብሱን ነዶ እንደታቀፉ ተቀመጡ። ወደቁ አልልም፤ ተቀመጡ። ነዶውን እስኪቀበሏቸው ድረስ አልለቀቁትም፤ ክንዳቸው ግን መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ ነበር።

ሲሬ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ ነን። ማሽኑ ሲሠራ ሊያዩ የተጋበዙ እንግዶች ከድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ማሽኑ ከአሰላ ጭነን የወረድነው የገብስ መውቂያ ነው፤ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ከበሮው ላይ ሃያ አራት የብረት ጥርሶች አሉ። ንድፌ እያንዳንዱ ጥርስ ቡሎን ላይ በሚጠብቅ ሁለት ዳዶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ እንዲታሰር ያዛል። የበረረው በአንድ ነው የታሰረው። ሃያ አራቱም በአንድ።

ነግሬ ነበር። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነግሬ ነበር።

ይብቃ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ትናንት ስንመለስ ከበያጃችን ከኢብሳ ጋር ከኋላ ተቀምጠን ነበር። መንገዱን ሙሉ ወደ መስኮቱ እያየ መጣ። ከተማው ጫፍ ስንደርስ፣ ሳይዞር፣ የግዢ ክፍሉ የላከው ዳዶ ግማሹን ብቻ መሆኑን፣ ኃላፊያችን አቶ ባንተአምላክም «ለአንድ ቀን ነው፣ አንድ አንድ ይበቃል፣ እሰርና ጫን» እንዳለው ነገረኝ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ።

ዛሬ ጠዋት አቶ ባንተአምላክ በሩን ገርበብ አድርጎ በስልክ ያወራል። የሰማሁት ይህን ነው፤ «ልጅቷ ናት። ጎበዝ ናት፣ ግን ልጅ ናት።»

ለሱ ነግሬዋለሁ። አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ መደርደሪያው ጋ ማንም አልቆመም። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቅዳሜ አላየሁም።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ወርክሾፕ ስመጣ ስለ ዲግሪዬ የጠየቀኝ አልነበረም። የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ኦቦ ጉደታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና አዩኝ።

«ምን ሰብረሽ ታውቂያለሽ?»

ምንም አልሰበርኩም አልኩ፣ በኩራት።

«እንግዲያው ምንም አልሠራሽም» ብለው ወደ ብረታቸው ዞሩ።

ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ከላሜራ የተሠራ ረጅም መደርደሪያ ነበር። የተሰነጠቀ ዘንግ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ እንደ ቂጣ የታጠፈ ወንፊት ተደርድሮበታል። እያንዳንዱ ስብራት ላይ ከብየዳ ዘንግ ፓኮ የተቀደደ ካርቶን በሽቦ ታስሯል። ካርቶኑ ላይ የሰበረው ሰው በራሱ እጅ ይጽፋል። ምን አሰብኩ፣ ምን ሆነ፣ ምኑን ሳትኩ። ስምና ቀን ከታች። ቅዳሜ ጠዋት ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ሻይ ይመጣል፤ የሳምንቱ ሰባሪ ቆሞ ያነባል። የሚሰድበው የለም። ይቀለድበታል እንጂ፤ ኢብሳማ አይምርም። ከዚያ ሁሉም ጠመኔ አንስቶ መፍትሔውን ወለሉ ላይ ይስላል፣ ዘበኛው ሳይቀሩ። የማጨጃችን እጀታ የዘበኛው ሐሳብ ነው።

ከዚህ በፊት አዲስ አበባ በሠራሁበት ቢሮ ንድፍ ሲሳሳት የሚጠፋው ፋይሉ ነበር። እዚያ ነገረኛ ነበርኩ። ለምን ስል ሰው ሰዓቱን ያያል። እዚህ ለምን ስል ኦቦ ጉደታ ቶርኖውን ያጠፉታል፣ እንዲሰማቸው። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣችው ሰሎሜ የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። እኔ መስመር ስጀምር እሷ ትጨርሰዋለች። እናቴ ከሮቤ በሚኒባስ የምትልከውን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ገና ሳይከፈት በመዓዛው የሚያውቁ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ራሴን የሚመስል ሰው በዓለም ላይ እንዳለ እዚህ ነው ያወቅሁት።

ነሐሴ ላይ የመጀመሪያውን ከበሮ ስንፈትሽ አንድ ጥርስ ተፈትቶ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ያኔ የሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ዳዶ ይበቃል ብዬ። ኢብሳ ቀዳዳውን አየና «መስኮት ስንለምን ኖረን፣ ኢንጅነር በነፃ አወጣችልን» አለ። ካርቶኔን ጽፌ ሰቀልኩ። ንድፉን ወደ ሁለት ዳዶ ቀየርኩ። በቀዳዳው አሁንም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል።

ያንን ካርቶን ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ ደረሰኝ። በከባድ ቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የምቀርበው ታኅሣሥ 3 ነው። ውሳኔው ከሥራ እስከ ማሰናበት ሊደርስ ይችላል ይላል።

አባሪ አንድ ገጽ። ፎቶ ነው። የኔ የእጅ ጽሑፍ፦ «ጥርሱ የበረረው በኔ ስህተት ነው። አንድ ዳዶ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ንዝረቱን አላሰላሁትም። ፈይሩዛ።»

ካርቶኑ ላይ ከስሜ በታች ነሐሴ 14 የሚል ነበር። ፎቶው ከስሜ ሥር ያልቃል።

ወደ መደርደሪያው ሮጥኩ። ካርቶኑም የለም፣ ጥርሱም የለም። አቧራው ላይ የጥርሱ ቅርጽ ብቻ አለ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። አቶ ሰኢድ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ በጀርባቸው ተኝተዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ጥርሴን ለመጣል ስልሳ ዓመት ፈጀብኝ፣ ያንቺ ማሽን በአንድ ጠዋት» አሉኝ። መሳቅ አቃተኝ። ማሽኑ መቼ ተስተካክሎ እንደሚመለስ ጠየቁኝ፤ ገብሱ እንደተከመረ ነው፣ ወንድማቸው ብቻውን በበሬ ሊያበራየው አይችልም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀሊሜ ግን አልቀለዱም። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ ታውቂ ነበር ወይ አሉኝ። ኃላፊዬን ነግሬው ነበር አልኩ።

«ምን ብለሽ ነገርሽው?»

ያልኩትን ቃል በቃል ማስታወስ አልቻልኩም። ጫጫታ ነበር። ሞተሩ ተነስቶ ነበር። እንግዶቹም ደርሰው ነበር።

ሞተሩ የተነሳው በኋላ ነው እንጂ። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

እናቴ ደወለች። ሁሉ ደህና ነው አልኳት። ድምፅሽ ደህና አይደለም አለች። ብርድ ነው አልኳት። እውነትም ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ከንፈሬን ሰንጥቆታል።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መደርደሪያው እየተራቆተ ነው። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ሰው እያለፈ ሲሄድ የራሱን ካርቶን ፈትቶ ኪሱ ይከታል። ዛሬ አንድ ወጣት ቀጥቃጭ የራሱን ሲፈታ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ይቅርታ እህቴ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። ብረቶቹ ስም አልባ ሆነው ቀሩ።

አንዱ ሌላውን «ቶሎ ጻፍ፣ አባሪ ሁለት እንድትሆን» ሲለው ሰማሁ። ተሳሳቁ። ባለፈው ወር በእንዲህ ያለ ቀልድ ከሁሉ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ኢብሳን ለኮሚቴው ይናገር እንደሆነ ጠየቅሁት። ጭምብሉን ሳያነሳ «ኢንጅነር፣ አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ እኔ ሦስት ልጅ አለኝ» አለኝ። ፈሪ ብዬው ሄድኩ። ወርክሾፑ ሁሉ ሰማ።

የፎቶው ጥግ ላይ የጠረጴዛ ጫፍ ይታያል፣ የተፋቀ አረንጓዴ ቀለም። የኔና የሰሎሜ ጠረጴዛ ይመስላል። እዚህ ቤት ግን ጠረጴዛ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሰሎሜ ሻይ አመጣችልኝ። አልጠጣሁትም። ለምን እንዳልጠጣሁት አልጠየቀችኝም። የኮንትራት እድሳቷ ታኅሣሥ ነው፤ ፈራሚው አቶ ባንተአምላክ ነው። ይህን የጻፍኩት እንዲሁ ነው።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ኦቦ ጉደታ በምሳ ሰዓት ጠሩኝና ሌላ የድሮ ስብራት እጄ ላይ አስቀመጡ። ገልብጪው አሉኝ። ከሥሩ ትንንሽ ቁጥሮች ብረቱ ላይ ተመትተዋል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት።

«ወረቀት ይበላል፤ አይጥም ይበላዋል፣ ሰውም ይበላዋል» አሉ። ለሃያ ዓመት እያንዳንዱን ስብራት በቁጥር መምቻ ቀኑን ሲያትሙበት ኖረዋል፣ ለማንም ሳይነግሩ። የኔንም ጥርስ መተውታል። አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት። ነሐሴ 14፣ 2016 ማለት ነው።

ጥርሱ ግን የት አለ? ሁለታችንም ወደ ጓሮ አየን። እዚያ የውዳቂ ብረት ክምር አለ፣ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ገዢዎቹ በወሩ መጨረሻ መጥተው ይጭኑታል።

ኅዳር 24

ምሳ አልበላንም። የለም።

ኅዳር 25

የለም። መዳፌ ተቆረጠ። ኦቦ ጉደታ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በርከክ ብለው ሲፈልጉ አቶ ባንተአምላክ በመስኮት ያያል። ይተዉ፣ እኔ እፈልጋለሁ አልኳቸው። «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺን ብዬ መሰለሽ? የኔ ቁጥር ነው የጠፋው» አሉኝ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ተገኘ።

ያገኘው ኢብሳ ነው። ማግኔት በገመድ አስሮ ክምሩ ውስጥ ሲጎትት ከኋላችን መኖሩን እንኳ አላወቅንም። ጥርሱን ጠርጎ ለኦቦ ጉደታ ሰጣቸው፤ እኔን አላየኝም። ቁጥሩ አለ። አንድም አልጠፋም።

ፈሪ ያልኩትን መልሼ መዋጥ ነበረብኝ። «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩ፣ ያውም ጀርባውን ከሰጠኝ በኋላ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ጠየቅኋት።

ጠረጴዛችን ላይ ጥርሱን አስቀምጬ፣ ፎቶውን ከጎኑ አስቀምጬ፣ የተፋቀውን ጠርዝ በጣቴ አሳየኋት። ሰሎሜ እርሳሷን አስቀመጠች። አልካደችም። አቶ ባንተአምላክ ለዓመታዊ ሪፖርት የመደርደሪያውን ፎቶ አንሺ ብሏት ነበር። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛችን ላይ አድርጋ ሁሉንም አነሳች። ሲሬ ከሄድን ማግስት ጠርቷት የኔን ብቻ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከሥሩ ቆረጠው።

«የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ፌሩዬ።»

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ እሱ ቀና ብሎ አየኝ፣ ዘጋሁት።»

ያልኳትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ከደብረ ብርሃን ድረስ ይህን ልትማሪ መጣሽ ወይ አልኳት። ያየ ሰው እንደሠራ ነው አልኳት። ከቆረጠው ትብሻለሽ፣ እሱ ቢያንስ ጓደኛዬ አይደለም አልኳት። እያለቀሰችም ቢሆን አልተወኋትም። ጠረጴዛውን ጎትቼ ግድግዳው ጋ አዞርኩት።

ይህን የምጽፈው የተከራየሁበት ግቢ ደርሼ ነው። አከራዬ ወይዘሮ ሸዋዬ ከውጭ እንጀራ ልስጥሽ ወይ ይላሉ። በልቻለሁ አልኩ።

አጠገቡ ቆሜ ነበር። ይህን ቃል ከሷ በፊት የት ነው ያነበብኩት?

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ኅዳር 6። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አልነገርኩትም።

እንዲህ ነው የሆነው። ከበሮውን በእጄ ሳዞር አውራ ጣቴ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ተደራቢውን ዳዶ አጣ። ሁለተኛውን ጥርስ ነካሁ፣ ሦስተኛውን፤ ያው ነው። ቀና አልኩ። አቶ ባንተአምላክ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል። አየሁት፣ አየኝ። ሰዓቱን አየ። የእንግዶቹ መኪኖች አቧራ እያስነሱ ይመጡ ነበር። ጫጫታ አልነበረም። ሞተሩም አልተነሳም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ማሽኑ የኔ ነው፣ ሰው ሁሉ ያየው ዘንድ ፈልጌ ነበር። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ኋላ ሄድኩ።

አቶ ሰኢድ ነዶ አንስተው ወደ ፊት መጡ።

ይህን የሚያውቅ የለም። ጥርሱ ከክሱ ያወጣኛል። ዝም ካልኩ እንደዳንኩ እቀራለሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

በሩጫ ልጻፈው፣ ሳይቀዘቅዝ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አቶ ባንተአምላክ በቀኝ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሰሎሜ ናት፤ ሌላ ሰው አጥተው አይደለም፣ እኔ እንዳያት ነው የመሰለኝ። ኦቦ ጉደታ በምስክርነት ገቡ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው ኮት ለብሰው። ጥርሱን ከመሐረብ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አነበበ። ካርቶኑ የነሐሴ እንደሆነ፣ ሲሬ የሄደው ሌላ ከበሮ እንደሆነ ኦቦ ጉደታ አስረዱ።

አቶ ባንተአምላክ ፈገግ አለ። መምቻው በሳቸው እጅ ነው፣ ትናንት ማታም ሊመቱት ይችላሉ አለ።

ኦቦ ጉደታ አልተቆጡም። ከኮታቸው ኪስ የአራት ቁጥር መምቻዋንና ቁራጭ ላሜራ አወጡ። አስፈቅደው፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፈው፣ አራትን መቱ። እግሯ የተቆረጠ አራት ወጣች።

«መስከረም ላይ ጠንካራ ብረት ላይ መታኋት፣ እግሯ ተሰበረ። ካርቶኔን ጽፌ ሰቅያለሁ፣ እኔ አላወረድኩትም፣ ሄዳችሁ አንብቡ። ከዚያ ወዲህ የመታሁት አራት ሁሉ አንካሳ ነው። እዚህ ጥርስ ላይ ያለችው አራት በሙሉ እግሯ ቆማለች።»

ሰብሳቢው ጥርሱንና ላሜራውን ጎን ለጎን ይዞ አስተያያቸው። ለአቶ ባንተአምላክ አቀበለው። እሱ አልተቀበለውም።

ኢብሳን ጠሩት። ስንት ዳዶ እንዳሰረ አላስታውስም አለ። መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ከዚያ ሰብሳቢው ማኅደሩን እየዘጋ፣ ለወጉ ያህል፣ «ሌላ የምትዪው አለ?» አለኝ።

አለ አልኩ። ተነሳሁ፤ ቁሚ ያለኝ አልነበረም። ጠዋት አንድ አንድ ዳዶ መሆኑን በእጄ ዳስሼ እንዳወቅሁ፣ ማስቆም እችል እንደነበር፣ እንዳላስቆምኩ ተናገርኩ። ለኃላፊዬ ነግሬዋለሁ ብዬ ሰው እንደዋሸሁም ተናገርኩ። ሰሎሜ ብዕሯን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ኦቦ ጉደታ ደግሞ ጨርቃቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ይህ እንዲመዘገብ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ቀኑም ይጻፍበት» አልኩ።

ውጭ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀመጡን። ክሱ ተነሳ። አይቶ ዝም በማለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ዳዶው ለምን ጎደለ፣ ፎቶውን ማን ቆረጠው የሚለው «በበላይ አካል ይታያል» ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ቃሌን አነበብኩ። ሰሎሜ ምንም አላለሳለሰችውም። ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያው የኔ ነው፤ ይገባኛል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለሠራተኛ ደህንነት ሲባል መደርደሪያው እስከ ሰኞ ይነሳል፣ ፊርማ፣ ባንተአምላክ። ኦቦ ጉደታ አነበቡት፣ ወለሉን ጠረጉ፣ ሻይ አዘዙ።

አምስት ሰው ቆመ። ድሮ ሃያ እንቆም ነበር።

ጥርሱ ቦታው ተመልሷል። አጠገቡ ሲሬ ላይ የበረረው ሁለተኛው ጥርስ አለ፣ ገና ገብስ ተጣብቆበታል። ካርቶኔን በሽቦ አሰርኩበትና ቆሜ አነበብኩ። «በአንድ ዳዶ እንደታሰረ ከመነሳቱ በፊት አየሁ። ሰው ማሽኔን እንዲያይልኝ ስለፈለግሁ ዝም አልኩ። የአቶ ሰኢድ ክንድ ተሰበረ። ፈይሩዛ። ኅዳር 5።» የቀለደ የለም። ኢብሳን አየሁት፣ ይቀልድ ብዬ። እሱ ከኪሱ ካርቶን አወጣና፣ ሳያነብ፣ ከኔ ሥር አሰረው። በኦሮምኛ ሦስት ቃል ነው፤ አንድ ዳዶ፣ ታዝዤ። ስሙንም ጽፏል። ያዘዘውን አልጻፈም። ያንን ጨምር ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ሦስት ልጅ አለው፣ ይህን መጻፉም ዋጋ አለው።

ሰሎሜ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ባዶ ካርቶን በእጇ ይዛለች። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆመች፣ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ሄደች። ጠረጴዛችንን ወደ ቦታው መልሼ አዙሬያለሁ። ከዚያ በላይ ለዛሬ አልችልም።

ሰኞ መደርደሪያውን ሊያነሱ ሲመጡ አጠገቡ እገኛለሁ። ሲሬም እወርዳለሁ፣ አርባ ስምንት ዳዶ ይዤ፤ የአቶ ሰኢድ ገብስ ገና ክምር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የማልቀበለውን እዚሁ ልጻፈው፣ ቀን አለበትና። የጻፈ እጅ በጻፈው ሲከሰስ፣ ያልጻፈው ንጹሕ ሲባል አልቀበልም። ስብራታችንን ደብቀን እንድንሠራ አልቀበልም፤ እነዚህን ሰዎች ያገኘኋቸው በስብራታቸው ነው። «ለአንድ ቀን ነው» የሚል ትእዛዝ አልቀበልም። ከራሴም፣ በዓይን ተናግሬ በአፍ ተናገርኩ ማለትን አልቀበልም። በአንድ ዳዶ የታሰረ ማሽን እኔ እያየሁ አይነሳም፤ እንግዳ ይምጣ፣ መኪና ይምጣ፣ ማንም ይምጣ።